ከነቀምቴ እስከ ጓንዡ፦ ልጆች ይዞ በሰው አገር መኖር



ከቻይና ከተመለስን ወዲህ በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በነጆም የምናገኛቸው ወጣቶች የሚጠይቁን ነገር አንድ ዓይነት ነው። የጫማ ዋጋ እንዴት ነው? አንድ ኮንቴይነር ስንት ያስወጣል? ቪዛ በማን በኩል ይገኛል? እኛም የምናውቀውን ያህል እንመልሳለን። "ልጆቻችሁ ምን በሉ? ቁርአን የት ቀሩ?" ብሎ የጠየቀን ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ለመሄድ የተዘጋጀ የመንዲ ልጅ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በመጀመሪያ ለእሱ፣ ቀጥሎም እንደ እሱ ጓዙን ለሚሸክፍ ወገናችን ሁሉ ነው።

የምንጽፈው ባልና ሚስት አብረን ተቀምጠን ነው። ስለዚህ "እኛ" ስንል ሁለታችንን ማለታችን ነው። አንዳችን ብቻ ያየነው ነገር ሲያጋጥም "አባትየው" ወይም "እናትየው" እያልን እናልፋለን።

መጻተኛነት ለቤታችን አዲስ ነገር አይደለም። የአባትየው አባት ከስልጤ ተነስተው፣ ጨርቅ እየሸጡ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ነቀምቴ ላይ ቀርተው የቀሩ ነጋዴ ነበሩ። ከእሳቸውም በፊት ቢሆን ነቀምቴ ሙስሊም ነጋዴን ታውቃለች። በሞረዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ ዘመን የወለጋን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ጭነው ከሚወጡት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎች ይገኙበት ነበር። እናትየው ደግሞ የጊምቢ ልጅ ናት። እቤት አማርኛና ኦሮምኛ እየተቀላቀለ ይነገራል፤ አያት ሲመጡ ስልጥኛም ይጨመራል።

የምናድገው ከክርስቲያኖች መካከል ነው። የሰፈራችን ሰው አብዛኛው የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነው፤ ኦርቶዶክሱም ብዙ ነው። ሰርግ ሲደገስ ግን የሙስሊሙ በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ ለብቻው ይጣዳል፣ ጭልፋው አይቀላቀልም። ይህን ማንም አያስታውሳቸውም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛዋ እንባዋን እየጠረገች "የእስላሙ ሳህን በዚያ በኩል ነው" ትላለች። እኛ ይህን እንደ አየርና እንደ ውኃ በነፃ የሚገኝ ነገር አድርገን ነበር የምናየው። ለካ ብዙ ትውልድ ተለፍቶበት የተገነባ ነገር ኖሯል። ይህን ያወቅነው ጓንዡ ስንደርስ ነው።

ወደ ጓንዡ

አባትየው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሄዷል። ሥራው ከመርካቶ ለሚመጡ ነጋዴዎች ዕቃ ማፈላለግና ጭነት ማስላክ ነበር። ጓንዡ በቻይና ደቡብ፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይና በመከር የሚካሄደው የካንቶን ትርዒት ያለው በእሷ ነው። ዕቃው ከዚያ ተነስቶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርስና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል። ሺያውበይ በሚባለው ሰፈር አፍሪካውያንና ዐረቦች ይበዙ ስለነበር፣ በአማርኛ ተጣርተህ ምላሽ የምታገኝበት ጊዜ ነበር።

እናትየው የስድስት ዓመት ሴትና የአንድ ዓመት ወንድ ልጅ ይዛ የተከተለችው በ2008፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ስለሆነ መንገዱ አዲስ አይደለም። ለእናትየው ግን ከአዲስ አበባ እስከ ጓንዡ ያለው የሌሊት በረራ፣ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ካለው 330 ኪሎ ሜትር ያህል የአውቶቡስ መንገድ በላይ ረዝሞባታል። ሻንጣው ውስጥ ያለው በርበሬ፣ ሽሮ፣ የጊምቢ ቡና፣ አንድ ቁርአንና የፕላስቲክ ጀበና ነበር። የፕላስቲኩ ጀበና ለውዱእና ለመጸዳጃ ነው። ስቃችሁበት እንዳይሆን! ያንን የመሰለ ዕቃ ሺህ ዓይነት ፕላስቲክ በሚሠራበት ከተማ ፈልገን አጥተነዋል።

በደረሱ ማግሥት የመጀመሪያው ሥራ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነው። ሆቴል ያላረፈ የውጭ ዜጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ያረፈበትን ቤት ማስመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመግቢያና መውጫ ሕግ የሚለው ይህን ነው። ቤት በቀየርክ ቁጥርም እንደገና ትመዘገባለህ። "ነገ እሄዳለሁ" ያለ ሰው ይቀጣል። በዐረብ አገር ኢቃማን እንደ ዓይናቸው ብሌን እንደሚጠብቁት ሁሉ፣ እዚያም ያቺ የምዝገባ ወረቀት ከእጅ አትለይም።

ሌላው በቶሎ የሚለመድ ነው። ቻይናዎች ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ በዚህ ደስ አለን። ውኃ አፍልተው ትኩሱን ይጠጣሉ። አየሩ ግን አስቸገረን። ነቀምቴ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ ጓንዡ ከባሕር ወለል ብዙም አትርቅም። ክረምቱ ሲወጣ፣ በየካቲትና በመጋቢት ግድግዳው ውኃ ያልበዋል። የጸሎት ምንጣፉ ሻገተ፣ በርበሬው ሻገተ። በመጨረሻ በርበሬን እንደ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ተማርን።

ቂብላው ደግሞ ልጅቷን አስገረማት። ነቀምቴ ላይ ወደ ሰሜን ነበር የምንዞረው፤ እዚያ ወደ ምዕራብ ሆነ። "አባዬ፣ መካ ቦታ ቀየረች?" አለች። ካርታ ዘርግተን አሳየናት። ሰውየው ይዞራል እንጂ መካ አትዞርም ብላ ለወንድሟ ስታስረዳው ሰማናት።

ሥጋ ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቻይንኛ "ዦው" ማለት ሥጋ ነው። የበሬ፣ የበግ ብሎ የሚለየው ቅጽል ካልተጨመረበት ግን የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። ይህን ያወቅነው ከመጣን በስንት ወሩ ነው! "ሥጋ አለበት?" ብለን ስንጠይቅ "የለበትም" የሚሉን ምግብ በአሳማ ስብ የተጠበሰ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ለእነሱ ስብ ሥጋ አይደለም። ወጡ ላይ የሩዝ የወይን ጠጅ ጠብ ይደረጋል። ኬኩ ውስጥ ስብ አለ፤ የልጆች ከረሜላው ጀላቲን ነው፤ ጀላቲኑ ከምን እንደተሠራ አይታወቅም።

መፍትሔው የኹዊ ወገኖቻችን ዘንድ ተገኘ። ኹዊ ማለት ቻይንኛ የሚናገሩ፣ መልካቸውም እንደ ሌላው ቻይና የሆነ ሙስሊሞች ናቸው። በቻይና ከተሞች ሁሉ "የላንዡ ላሚየን" የሚባል በእጅ የሚጎተት የፓስታ ምግብ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። በደቡብ ያሉትን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠሩት ቺንጋይ ከሚባለው ሩቅ ክፍለ ሀገር፣ ከኹዋሎንግ ወረዳ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። በራቸው ላይ "ጪንዠን" የሚል ሁለት ፊደል አለ። ትርጉሙ "ንጹሕና እውነተኛ" ማለት ሲሆን ሐላል ለማለት የሚጠቀሙበት ነው። ቀድሞ ከጎኑ በዐረብኛ "ሐላል" ይጻፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ግን በብዙ ቦታ የዐረብኛው ጽሑፍ እንዲነሳ ስለተደረገ፣ ዐረብኛ ፈልጎ የሚሄድ ሰው በራፉን አልፎት ይሄዳል። የቻይንኛውን ፊደል መያዝ ግድ ነው። የመጀመሪያው ፊደል በግራ በኩል እንደ ሦስት የውኃ ጠብታ ያለ ምልክት አለው። ልጃችን መንገድ ላይ ከሩቅ እያየች "ሦስት ጠብታ!" ብላ ትጮህ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ያለ ቤት ገብተን "አሰላሙ ዐለይኩም" ስንል የቤቱ ባለቤት ሊጡን ትቶ በዱቄት እጁ ሰላም አለን። ከዚህች ሰላምታ በቀር የምንግባባበት አንድም ቃል አልነበረንም። እናትየው ከአገር ከወጣች ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

ምግብ ቤቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መዋዕለ ሕፃናት ነው። ወንዱ ልጅ ሦስት ዓመት ሲሞላው አስገባነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት እየሳቀ መጣና "እማዬ፣ ቀይ ሥጋ በእንጨት ላይ በላሁ፤ ሁለት ሰጡኝ" አለ። የአሳማ ቋሊማ ነው። እናትየው ያን ቀን አለቀሰች። አባትየው በቁጣ ሊሄድ ተነሳ፤ ግን በምን ቋንቋ ይቆጣል? ወደ መስጊድ ሄደን በሰው አስተርጓሚ ኢማሙን ጠየቅን። በቻይና ኢማምን "አሆንግ" ይላሉ። አሆንጉ ፈገግ ብለው "ሕፃን ነው፤ ሳያውቅም ነው የበላው። እናንተ ግን አውቃችኋልና ነገ ሂዱና ንገሯቸው" አሉን።

በማግሥቱ ሄደን ነገርን። መምህሯ ደግ ልጅ ናት፤ ደነገጠች። ከዚያም "አሃ፣ ኹዊ ናችሁ!" አለች። አይደለንም ልንል ፈለግን። እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ ነገሩ የሃይማኖት እንጂ የዘር አይደለም ልንል። ነገር ግን ቻይናዊው አሳማ አለመብላትን የሚያውቀው እንደ አንድ ብሔረሰብ ልማድ ነው። "እንደ ኹዊ ነን" ብለን ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ምሳውን ከቤት ይዞ ሄደ፤ መምህሯም ሳህኑን ለብቻው ታጥብለት ነበር። የነቀምቴዋን ሐዘንተኛ ያስታወስነው ያን ጊዜ ነው። እዚህ እሷ ሳትጠየቅ የምታደርገውን፣ እዚያ በአፋችን እየለመንን፣ አንዱን ሰው አንድ በአንድ እያስረዳን ነበር የምናገኘው።

ፖፖ

ሳንዩዋንሊ ከሚባለው ሰፈር በተከራየነው ፎቅ፣ ከእኛ ፊት ለፊት አንዲት ሴት አዛውንት ይኖሩ ነበር። ልጆቻችን "ፖፖ" ይሏቸው ነበር፤ በካንቶንኛ አያት ማለት ነው። ካንቶንኛ የጓንዡ የሰፈር ቋንቋ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚነገረው ሌላው፣ የመንግሥቱ ቻይንኛ ነው። ልጆቻችን ሁለቱንም ይዘዋል። የወለጋ ልጅ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ቤት አንድ ቋንቋ፣ ገበያ ሌላ፣ ቢሮ ሌላ እየተናገረ ያደገ ነው።

እናትየው አንድ ሰሞን ታማ ተኛች። ፖፖ ለሰዓታት የተቀቀለ ሾርባ በሸክላ ድስት ይዘው መጡ። ካንቶኖች ሾርባን ምግብም መድኃኒትም አድርገው ነው የሚያዩት። የአሳማ ጎድን ነበር። አባትየው ባለችው ጥቂት ቻይንኛ "አንበላም" አለ፤ በቃ። ፖፖ ድስታቸውን ይዘው ተመለሱ። ሳምንት ሙሉ በደረጃው ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን አዞሩብን። የናቅናቸው መስሏቸው ኖሯል! ቢቸግረን ልጅቷን ላክናት። የስምንት ዓመት ልጅ ቁጭ ብላ በካንቶንኛ አስረዳቻቸው። ምን ብላ እንዳስረዳች እስከ ዛሬ አናውቅም። በበነጋው ፖፖ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው መጡ። ከረጢቱ ውስጥ በውኃ የሚዋኝ በሕይወት ያለ ዓሣ ነበር። "ይህንን ራሳችሁ እረዱት" ብለውናል። እኛም ቡና አፍልተን ጠራናቸው። የመጀመሪያውን ፉት ብለው ፊታቸውን አኮሳተሩ፤ ስኳር ሲጨመርበት ግን ሦስት ስኒ ጠጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። ልጅ የወላጁ አስተርጓሚ ሲሆን ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር አለ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ አከራይ ዘንድ ልጅቷ ትናገራለች፣ አባት ይጠብቃል። አንድ ቀን አባትየው ሲቆጣት "እሺ፣ ነገ ፖሊስ ጣቢያ ብቻህን ሂድ" አለችው። ሳቅን። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግን አልሳቅንም።

መስጊዱና ሰሐባው

ጁሙዓ ለእኛ ከኢዱ አይተናነስም ነበር። ከሳንዩዋንሊ በምድር ውስጥ ባቡር ትንሽ ሂደህ ዩዌሹ መናፈሻ አካባቢ ትወርዳለህ። ሺየንሺየን የሚባለው መስጊድ እዚያ ነው፤ "የቀደምት ደጋጎች" እንደ ማለት ነው። በዐጸዱ ውስጥ ቻይናውያን ሙስሊሞች የሰሐባው የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ነው የሚሉት መቃብር አለ። አርብ አርብ ከማሊ፣ ከየመን፣ ከፓኪስታን፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ሁሉ እዚያ ይሰግዳል። ከሶላት በኋላ ደጅ ላይ የሚጠበሰው የበግ ሥጋና ትኩስ ዳቦ የልጆቻችን የሳምንት ተስፋ ነበር። በአሮጌው ከተማ ያለው ኹዋይሸንግ መስጊድ ደግሞ 36 ሜትር ያህል የሚረዝም ሚናራ አለው። "የብርሃን ማማ" ይሉታል፤ በጥንት ጊዜ በወንዙ ለሚመጡ መርከቦች ምልክት ሆኖ ያገለግል ነበር ይባላል።

በቻይና ሙስሊሞች ዘንድ የሚወራውን ስንሰማ ተደነቅን። በእነሱ ትውፊት መሠረት የመጀመሪያዎቹ ሰሐቦች ወደ ቻይና በመርከብ የተነሱት ከሐበሻ ምድር ነው! ልጃችን ይህን ስትሰማ ደረቷን ነፋች። የታሪክ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉም። ሰዕድ (ረ.ዐ.) በመዲና አቅራቢያ አርፈው በበቂዕ መቀበራቸው የታወቀ ነው። ለልጆቻችንም ሁለቱንም ነገርናቸው። ዕውቀትን ቻይና ድረስ ሂዶ ስለመፈለግ የሚነገረውን አባባልም የሐዲስ ሊቃውንት ደካማ እንደሚሉት አብረን ነገርናቸው። ልጅ ውብ የሆነ ነገርን ከተረጋገጠ ነገር ለይቶ ቢያድግ ይሻላል ብለን ነው።

ነገር ግን መስጊድ አለ ማለት መድረሳ አለ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ደንብ የውጭ ዜጋ በመስጊድ መስገድ እንደሚችል ይገልጽና፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት መክፈትም ሆነ ድርጅት ማቋቋም ግን ይከለክላል። እንግዳ የአገሩን ሕግ ያከብራል፤ ስለዚህ የልጅቷ ቂርአት ሳሎን ውስጥ ሆነ። አሊፍ ባ ታን እናትየው አስቆጠረቻት። ከዚያ ላለፈው ነቀምቴ ያሉ ኡስታዝ ተረከቡ። ዋትሳፕና ፌስቡክ በቻይና ዝግ ስለሆኑ ኡስታዙ ዊቻት ስልካቸው ላይ አስጫኑ። ልጅቷ ቀርታ ድምጿን ትልካለች፤ ኡስታዙ ከመግሪብ በኋላ ሰምተው ስህተቷን አርመው ይልካሉ። በእኛ እኩለ ሌሊት ይሆናል፤ ጠዋት ስትነሳ ትሰማዋለች። ወለጋ ከቻይና በአምስት ሰዓት ወደኋላ ናት። እንዲህ እያደረገች ዐምመ ጁዝእን ጨረሰች።

ሁለት ዓይነት ዝምታ

እ.ኤ.አ. ጥር 2020 መጀመሪያ ላይ የልጅቷ ድምፅ ሄዶ መልስ አልመጣም። ኡስታዙ የታመሙ መስሎን ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ኢንተርኔት ተቋርጧል። ነቀምቴ በተራ ስልክ ትገኝ ነበር። ጊምቢ ግን ስልኩም ጠፋ። የእናትየው እናት፣ ልጆቻችን በኦሮምኛ "አኮ" የሚሏቸው፣ እዚያ ነበሩ። ስንደውል አይጠራም። ነቀምቴ ያሉትን እንጠይቃለን፤ እነሱም መንገደኛ ሲመጣ ይጠይቃሉ፤ መንገደኛው "ደኅና ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ" ይላል።

ወሩ ሳይጋመስ የኮሮና ወሬ መጣ። ጥር 23 ዉኻን ተዘጋች፤ የእኛም ክፍለ ሀገር በዚያው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃውን ወደ አንደኛ ከፍ አደረገ። መስጊዱ ተዘጋ፣ የላሚየን ቤቱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኛ ስለ አኮ እንጨነቃለን፣ አገር ቤት ያሉት ስለ እኛ ይጨነቃሉ፣ አኮ ደግሞ ስለ ሁላችን ምን እንደሰሙ አይታወቅም። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆነን ከረምን። እናትየው በየሶላቱ ሱጁድ ላይ ስትቆይ ልጆቹ "እማዬ ተኛች እንዴ?" ይሉ ነበር።

መጋቢት 31 መስመሩ ተከፈተ። ማታ ላይ ደወልን፤ ጠራ። አኮ አነሱ። በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ! እናትየው ማውራት አቃታትና ስልኩን ለወንዱ ልጅ ሰጠችው። ልጁ ቻይናዎች ስልክ ሲያነሱ እንደሚሉት "ዌይ?" አለ። አኮ በኦሮምኛ ጠየቁት፤ እንዴት ነህ፣ አድገሃል ወይ፣ ታስታውሰኛለህ ወይ። ልጁ ዞሮ እኛን አየና በቻይንኛ "ምን እያለች ነው?" አለን። ሦስት ወር ሙሉ ድምፃቸውን ለመስማት ስንለምን ከርመን፣ ድምፃቸው ሲመጣ ልጃችን የማይሰማው ቋንቋ ሆኖ አገኘነው። አኮ በወዲያኛው ጫፍ "መስመሩ አሁንም አልተስተካከለም መሰለኝ" አሉ። አይ፣ መስመሩስ ደኅና ነበር።

የመመለሱ ሐሳብ የገባን ያን ማታ ነው። ሚያዝያ ሲመጣ ደግሞ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። በጓንዡ አፍሪካውያን ከቤትና ከሆቴል ወጡ፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ አደረ። በቤይጂንግ ያሉ የአፍሪካ አምባሳደሮች ለቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ደብዳቤ ጻፉ፤ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሙሳ ፋኪም በአዲስ አበባ ያሉትን የቻይና መልእክተኛ ጠርተው አነጋገሩ። እኛን ከቤት ያስወጣን አልነበረም። ነገር ግን ከአገር ሳንወጣ ወራት ያለፉን ሰዎች ሆነን ሳለ ተመርምረን ለ14 ቀን በር ተዘጋብን፤ በሩም ሲከፈት የሚጮህ መሣሪያ ተለጠፈበት። ጎረቤቶች ሊፍት ውስጥ ሲያዩን ይወርዱ ጀመር። ክፉው ሁሉ የተደረገው በአንድ ወገን ነው አንልም። በዚያው ሰሞን በሌላ አገር ቻይናውያን ላይም ተመሳሳይ ነገር ሲደረግ አይተናል። በእነዚያ 14 ቀናት ፖፖ በየሁለት ቀኑ ጎመን፣ እንቁላልና ብርቱካን በራችን ላይ አስቀምጠው በሩን ቆርቆር አድርገው ይሄዱ ነበር። ሥጋ የሚባል አላመጡም።

ረመዳን የገባው ያን ጊዜ ነው። ተራዊሕ ሳሎን ውስጥ ሰገድን፤ አባትየው ኢማም፣ ልጅቷ ከኋላ ሆና ስትሳሳት የምታርም። ስህተቱ የማን እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ከተመለስን በኋላ

በዚያው ዓመት ክረምት አገር ገባን። ለይቶ ማቆያውን ጨርሰን ነቀምቴ ስንደርስ ወንዱ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ አልጠጣም አለ። እንጀራውን በሹካ ፈለገ። በሰርግ ቤት የሙስሊሙን ድስት ለብቻው ሲያይ "ማን ነገራቸው?" ብሎ ጠየቀን። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነቀምቴ ውስጥ ያደገ ልጅ አይጠይቅም። የወለጋ ኑሮም በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሚመስል ለማንም የተሰወረ አይደለምና፣ በተመለስንበት ቀን እንቅፋቱ ሁሉ ያበቃ አናስመስልም። የጊምቢ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ስንት ጊዜ ጠበቅን! ሰላም በሆነበት አንድ ሳምንት አኮን አምጥተን እኛ ዘንድ አስቀመጥናቸው። ልጁ ኦሮምኛውን ከእሳቸው በስድስት ወር ለቀመው። ዛሬ ስልክ ሲጠራ አኮ ቀድመው "ዌይ?" እያሉ ያስቁታል። ልጅቷ ግን ቻይንኛዋ እንዳይጠፋ ትፈራለች፤ ከፖፖ ጋር በየወሩ በድምፅ ይላላካሉ።

ለመንዲው ወንድማችን የነገርነው ይህን ነው። የጫማውን ዋጋ ደርሰህ ትጠይቃለህ። ልጆችህን ግን ከመሄድህ በፊት ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩበትን ቋንቋ አስይዛቸው፤ እዚያም ሆነህ በየቀኑ ቤት ውስጥ ተናገርበት። ቂርአታቸውን የሚከታተል ኡስታዝ ከዚሁ ተነጋግረህ ሂድ። መዋዕለ ሕፃናት በምታስገባበት ዕለት፣ ሁለት ሳምንት ሳትጠብቅ፣ "እንደ ኹዊ ነን" በል። ጎረቤት ሾርባ ይዞ ሲመጣ "አንበላም" ብቻ ብለህ በር አትዝጋ።

ሲሰናበተን ልጃችን በደብተር ወረቀት ላይ "ጪንዠን" የሚሉትን ሁለት ፊደሎች በትልቁ ጻፈችለት፤ ሦስቱን ጠብታዎች በቀይ እስክርቢቶ። እኛ ደግሞ ሳንዩዋንሊ ለሚኖሩ አንዲት አዛውንት የሚያደርስልን አንድ ኪሎ የጊምቢ ቡናና ግማሽ ኪሎ ስኳር ሰጠነው። ስኳር ቻይናም አለ ብሎ ሳቀብን።